ዓይን ሚዛን አይሆንም

(በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ለተሰበሰቡ አርሶ አደሮች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሰው ውፍረትና ክሳት ነው። «ይኸ ደግሞ ምን ወሬ ይሆናል? ወፍራሙንና ከሲታውን ዓይናችን ያየው የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም የመጣሁት ስለዚሁ ዓይን ልነግራችሁ ነው። ዓይናችን በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ስሕተቱም ልጅ ያስቀብራል።

እስቲ ይህን ሐይቅ እዩት። ከእንጅባራ ወደ ከሳ የሚሄድ መንገደኛ ከመኪና ይወርድና ዳር ቆሞ ያየዋል። «ክብ ነው፣ ያምራል፣ ትንሽ ነው» ብሎ ይሄዳል። ጥልቀቱ ግን ከ100 ሜትር በላይ ነው። ዳር ቆሞ ያየ ሰው ይህን አያውቅም፤ የለካው ያውቃል። የሰው ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ከላይ ሲታይ ወፍራም የመሰለ ሊታመም ይችላል። ቀጭን የመሰለም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ያበጠ ልጅ ወፍራም ልጅ አይደለም

እኛ የአዊ ሰዎች ፈረስ እናውቃለን። ጥር 23 ቀን ለጊዮርጊስ በዓል ፈረሳችንን ሸልመን እንወጣለን። እስቲ ልጠይቃችሁ። ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ጠጉሩ የቆመ ውርንጭላ ገበያ ቢቀርብላችሁ «ወፍራም ነው» ብላችሁ ትገዙታላችሁ? አትገዙትም። «ይኸ ወስፋት የያዘው ነው» ትላላችሁ። ጥርሱን ታያላችሁ፤ ጀርባውን ትዳስሳላችሁ፤ አስሩጣችሁ ታያላችሁ። ታዲያ ለፈረስ የምናደርገውን ምርመራ ለልጃችን ለምን እንነፍገዋለን?

የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ሳለሁ 2 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እናቴ ሌላ ልጅ ስትወልድ እርሱ ጡት ጣለ። ከዚያ በኋላ ምግቡ ድንችና ቂጣ ብቻ ሆነ። ወተቱ ይናጥና ቅቤው ይሸጥ ነበር። ጥቂት ወራት እንደቆየ እግሩ ሞላ። ፊቱም ክብ ሆነና አበራ። ጎረቤት እየመጣ «ተመስገን! ጡት ቢጥልም ወፈረ» ይል ነበር። እናቴም ደስ አላት።

እየዋለ ሲያድር ጠጉሩ ቀላ፤ ሳሳ። የእግሩ ቆዳ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። መጫወት ተወ፤ መሳቅ ተወ። ምግብ ሲሰጡት ፊቱን ያዞር ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሰው «ይኸን የመሰለ ወፍራም ልጅ ምን ነካው?» ይል ነበር። እኔ የጤና ረዳት ሆኜ ከተማርሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንድሜ ወፍራም አልነበረም፤ ያበጠው በምግብ እጦት ነበር። ከቆዳው በታች የነበረው ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነበር።

ይህ በሽታ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም ዛሬ ጋና በሚባለው አገር ትሠራ ነበር። ብዙ ሕፃናት አብጠው ሲሞቱ አየች። ያገሩን እናቶች «ይህን በሽታ ምን ትሉታላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ክዋሽዮርኮር» አሏት። ትርጉሙ «ታናሹ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ» እንደ ማለት ነው። እነዚያ እናቶች ምክንያቱን ደርሰውበት ነበር። ጡት የተቀማ ልጅ በጡቱ ፈንታ በቂ ምግብ ካላገኘ ይታመማል። ሐኪሟም ስሙን ከእናቶቹ ወስዳ ለዓለም አስታወቀች። ዛሬም ሐኪሞች በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ውፍረቱን ከእብጠት ለመለየት የሚያስችል ቀላል መንገድ አለ። ሁሉም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። የልጁን የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቁጠሩና ጣታችሁን አንሡ። ቦታው ወዲያው ከሞላ ደኅና ነው። በሁለቱም እግሮች ላይ ጣታችሁ ያረፈበት ጎድጉዶ ከቀረ ግን እብጠት ነው። ለነገ አትበሉ። በዚያው ቀን ልጁን ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌላም መለኪያ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀለም ያለው ጥብጣብ ይዘው ይዞራሉ። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነውን ልጅ የግራ ክንዱን ይለኩታል። የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አረንጓዴው ላይ ያርፋል፤ ደኅና ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ ቢጫው ላይ ያርፋል፤ ያሠጋል። ከ11.5 በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራ አልሚ ምግብ ይሰጠዋል። ፕላምፒናት የምትሉት ነው። ይህ ምግብ ለታመመው ልጅ መድኃኒቱ ነው። ለወንድሞቹ አይከፈልም፤ ገበያም አይወጣም።

«ዘሩ አጭር ነው» አትበሉ

ልጅ የሚጎዳው በማበጥ ወይም በመክሳት ብቻ አይደለም። ሳይከሳም ሳያብጥም ባለበት የሚቀር ልጅ አለ። ይህ መቀንጨር ይባላል። የ4 ዓመት ልጅ የ2 ዓመት ልጅ አክሎ ይቀራል። ፊቱ ሲታይ ደኅና ይመስላል። ወላጆቹም «ዘሩ አጭር ነው፤ አያቱም አጭር ነበር» ይላሉ። ምናልባት አያቱም በልጅነቱ ቀንጭሮ ይሆናል።

በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ከ100 ሕፃናት 38ቱ ቀንጭረው ተገኙ። በአማራ ክልል ግን ከ100ው 46ቱ ቀንጭረው ነበር። ይህ በዚያን ጊዜ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። እስቲ አስቡት። እዚህ ከተቀመጡት ሕፃናት ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት ነው የቀራቸው።

«ይኸ የሚሆነው ዝናብ በማይዘንብበት አገር ነው፤ የኛ አገር ጥጋብ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዝናብ አለን። ገብስ አለን፤ ጤፍ አለን፤ ድንች አለን፤ ባቄላና አተር አለን፤ ላምና ዶሮ አለን፤ ማርም አለን። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለን ከሰል አክስለን ገንዘብ እናገኛለን። ነገር ግን ዕንቁላሉ እንጅባራ ገበያ ይወጣል። ቅቤው ይሸጣል። ማሩ ይሸጣል። ልጁ ድንች ብቻ ይበላል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸ አይደለም ወይ? ድንች ሆድ ይሞላል። ሆድ ሞላ ማለት ግን ሰውነት ተገነባ ማለት አይደለም። ቤት በጭቃ ብቻ አይቆምም፤ ማገርና ምሰሶ ይፈልጋል። የልጅም ሰውነት ዕንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ጎመንና ካሮት ይፈልጋል።

ጊዜውም አጭር ነው። ልጅ በማኅፀን 9 ወር ይቆያል፤ ይህ 270 ቀን ያህል ነው። ከተወለደ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት 730 ቀናት ናቸው። ሁለቱን ደምሩ፤ 1000 ቀን ይሆናል። ቁመትም አእምሮም መሠረታቸው የሚጣለው በእነዚህ 1000 ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት የቀነጨረ ልጅ በትምህርቱም ይቸገራል። በኋላ ቢያበሉት ያለፈውን ሁሉ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህም ነው መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በአገው ወገኖቻችን ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ያወጣው። ቃሉም በ2022 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ መቀንጨር እንዲቀር ነው። ቃሉን የሚፈጽመው ግን የእያንዳንዳችን ማጀት ነው።

ታዲያ ምን እናብላው? እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ውሃም ቢሆን አይጨመርም። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀመርለት። ገንፎው ከማንኪያ ላይ እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ቀጥኗል። ከገብሱ ዱቄት ጋር የባቄላ ወይም የአተር ዱቄት ቀላቅሉበት። ድንቹን ስትፈጩለት ወተት ወይም ዕንቁላል ጨምሩበት። ጡቱን ደግሞ 2 ዓመት እስኪሞላውና ከዚያም በላይ ይጥባ።

በጾም ወራት አንዳንድ እናት ለሕፃኑ ወተትና ዕንቁላል ማብሰል ትፈራለች። የምትፈራውም ዕቃው እንዳይነካካባት ነው። ሕፃን ልጅ ጾም የለበትም። ለእርሱ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለብቻ አስቀምጡ። ነገሩ በዚህ ያልቃል።

እርጉዝ ሴት መራብ የለባትም

እናቶች የምታውቁት አንድ አባባል አለ። «እርጉዝ ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናባታል» ይባላል። ስለዚህ እርጉዟ ከእንጀራዋ ትቀንሳለች፤ ወተትም ትተዋለች። ይህን የምታደርገው ሞትን ፈርታ ነው። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ግን የተሳሳተ ነው።

ምጥ ከሚጠናባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የዳሌ አጥንት መጥበብ ነው። አጥንቱ የጠበበው ደግሞ ሴትየዋ በእርግዝናዋ ስለበላች አይደለም። በልጅነቷ ስለቀነጨረች፣ ወይም አጥንቷ አድጎ ሳይጨርስ በልጅነቷ ስለተዳረች ነው። እንግዲህ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ዛሬ ዕንቁላል የከለከልናት ሴት ሕፃን ነገ ምጥ የሚጠናባት እናት ትሆናለች። በሕግም ቢሆን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው።

ምጥ ለቀናት ሲጠና ልጁ ይሞታል። እናቲቱም ብትተርፍ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው እነዚህን እናቶች ሲያክሙ ኖሩ። ዛሬ በባሕር ዳርም የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። ሕክምናው አለ። ከሕክምናው የሚቀድመው ግን ሴት ልጅን አብልቶ ማሳደግ፣ በዕድሜዋ መዳር፣ በምጧም ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

በእርግዝና የምትራብ ሴት ደም ያንሳታል፤ አቅም ታጣለች። ልጇም ከማኅፀን ጀምሮ ተጎድቶ ይወለዳል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት ከወትሮው ምግቧ በላይ በቀን 1 ጊዜ ትጨምር። የምታጠባ ሴት 2 ጊዜ ትጨምር። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር። አባቶች ሆይ! ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። ከመሶቡ መጨረሻ የምትነሣው ሚስት ከሁሉ ያነሰ የምትበላ መሆን የለባትም።

ወፍራሙ ሁሉ ጤነኛ፣ ከሲታው ሁሉ በሽተኛ አይደለም

ስንገናኝ «ወፈርህ፣ አማረብህ» እንባባላለን። ይህ ምርቃት ነው። የከሳውን ደግሞ «ምን ነካህ?» እንለዋለን። ዘወር ሲልም «ያ በሽታ ይዞታል» እንላለን። በዚህ ወሬ የተነሣ ስንቱ ሰው አፍሮ ቤቱ ተደብቆ ቀረ!

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በሥርዓቱ ከወሰደ ወፍሮና ሠርቶ ይኖራል። ስለዚህ ውፍረት አይቶ «ይኸ ቫይረስ የለበትም» ማለት ሞኝነት ነው፤ ክሳት አይቶ «አለበት» ማለትም ሐሜት ነው። ቫይረስን የሚያውቀው ምርመራ ብቻ ነው።

ሰው ሳይፈልግ ከከሳ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል፣ ማታ የሚያልበውና የሚከሳ ሰው አክታውን ይመርመር፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ይድናል። ደኅና እየበላ የሚከሳ፣ ውሃ ጥም የማይለቀው፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሣ ሰው ስኳሩን ይለካ። «ስኳር የከተማ የሀብታም ሰው በሽታ ነው» የሚባለው ስሕተት ነው። ቀጭን ገበሬም ይይዘዋል።

ወደ ውፍረቱ እንመለስ። ባነሣሁላችሁ የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ከ100 ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በታች ከስተው ነበር። 8ቱ ደግሞ ከመጠን በላይ ወፍረው ነበር። ውፍረቱ የሚበዛው በከተማ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ለስላሳና ቢራ የሚያበዛ ሰው ቦርጭ ያወጣል። ቦርጩም የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ይጠራል። እንግዲህ ወፍራም ሆድ የጌትነት ምልክት መስሎን ከቀናንበት ተሳስተናል። መፍትሔውም ምግብ ትቶ መዋል አይደለም። ስኳሩን፣ ዘይቱንና መጠጡን ቀንሶ፣ ጎመኑንና ጥራጥሬውን አብዝቶ መመገብና በእግር መሄድ ነው። አርሶ ቆፍሮ፣ እንጨት ተሸክሞ የሚውል ሰው ግን ምግብ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም።

አንዳንዱ ለመክሳት ብሎ ኮሶ ይደጋግማል፤ ሌላው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል። በዚህ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ሰውነትን ያደርቃል፤ ያዝላል። ሌላዋ ደግሞ «ያወፍራል» የተባለችውን ክኒን ያለ ሐኪም ትውጣለች። ፊቷ ክብ ሲሆን ደስ ይላታል። ከእነዚህ ክኒኖች አንዳንዱ ፊትን የሚሞላው በጤና አይደለም፤ አጥንትን ያሳሳል፤ ስኳርንም ያመጣል። የወንድሜን ፊት አስታውሱ። ክብ ፊት ሁሉ የጤና ፊት አይደለም።

ምግብ እንቢ ማለትም በሽታ ሊሆን ይችላል

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ነው። የእኅቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ስትገባ ከተማ ቤት ተከራይታ መማር ጀመረች። ጥሩ ተማሪ ነበረች። እዚያ አንዳንድ ልጆች «ድንች በልታ ያበጠች የገጠር ልጅ» ብለው ቀለዱባት። እርሷም ምሳዋን ተወች። ቆይታም ራቷን ተወች። እናቷ የምትልክላትን ስንቅ ለጓደኞቿ ትሰጥ ነበር። ለበዓል ስትመጣ አየኋት። «ቀጥነሽ አማረብሽ፤ የከተማ ልጅ መሰልሽ» አልኋት። እኔ የጤና ረዳት ነኝ፤ ግን በዓይኔ ፈረድሁ።

ከዚያ በኋላ ብሶባት መጣች። የጾሙ ወራት ካለፈ በኋላም «ጾም ላይ ነኝ» ትል ነበር። ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ «መንፈሳዊ ሆነች» ብሎ ደስ አለው። ከዚያ ብርድ ብርድ ይላት ጀመር፤ ቆማ ስትሄድ ትወድቅ ጀመር። የወር አበባዋ ቀረ። ይኸን ጊዜ ጎረቤት «አረገዘች» ብሎ አወራ። ሌላው «ሰው በልቷት ነው» ብሎ አንዲት ምስኪን ጎረቤት ላይ ጣቱን ቀሰረ። አባቷ «እልከኛ ነሽ» ብሎ ሊመታት ተነሣ። እርሷ ግን አጥንቷ እየታየ «ወፍራም ነኝ» ትል ነበር። የአእምሮዋም ዓይን ተሳስቶ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። የአእምሮ ጤና ባለሙያው ቁጭ ብሎ ረጅም ጊዜ አነጋገራት። ከዚያ «ይህ በሽታ ነው፤ ስም አለው፤ ይታከማል» አለን። እልክም አይደለም፣ ቅንጦትም አይደለም፣ ቡዳም አይደለም አለን። ያ ቃል ጎረቤታችንንም ከሐሜት አዳናት።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በወጣ አንድ ጥናት ሐኪሞች በሰሜን ምሥራቅ ጋና የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን መርምረው ነበር። እዚያም በፈቃዳቸው ራሳቸውን እያስራቡ እጅግ የከሱ ልጃገረዶች ተገኙ። ልጆቹ መራቡን የሚቆጥሩት እንደ ጾምና እንደ ራስን መግዛት ነበር። ስለዚህ ይህ በሽታ ሲመጣ ስሙን ነግሮን አይመጣም። ያገሩን ልብስ ለብሶ ይመጣል።

ራብ ራሱ አእምሮን ይለውጣል። ይህን የሚያስረዳ ታሪክ ልጥቀስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለጥናት ቀረቡ። ለ6 ወር ያህል ምግባቸው በብዙ ተቀነሰ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ጥናቱን የመራው አንሴል ኪስ የሚባል ሊቅ ነበር። እነዚያ ወጣቶች የከሱት በሰውነታቸው ብቻ አልነበረም። ተከዙ፤ ተቆጡ፤ ከሰው ራቁ፤ ቀንም ሌሊትም ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ። እንግዲህ ጤናማውን ወንድ ራብ እንዲህ ካደረገው፣ የታመመችውን ልጅ «አስተካክለሽ አስቢ» ብሎ መቆጣት ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ ሰውነቷ ምግብ ማግኘት አለበት።

ምግቡም በጥንቃቄ ነው የሚጀመረው። ብዙ ጊዜ የተራበ ሰው ባንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ ልቡ ሊታወክ ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ምክር በትንሽ በትንሹ ተጀመረላት። እናቷ በየማዕዱ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሳትቆጣት፣ ሳታባብላትም። ንስሐ አባቷም «ያላዘዝሁሽን ጾም አትጹሚ» ብለው ከለከሏት። ይህ በጣም ረዳን። አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀ። አንዳንድ ጊዜም ወደ ኋላ ተመለሰባት። ዛሬ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ከመሶቡም ከእኛ ጋር ትበላለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውን «ከሳህ» ወይም «ወፈርህ» ብዬ ሰላምታ አልሰጥም። «ደኅና ነህ ወይ?» ነው የምለው።

እናንተም ልጆቻችሁን አስተውሉ። ምግብ የምትሸሽግ፣ ከቤተ ሰብ ጋር መብላት የምትሸሽ፣ በልታም በሥውር የምታስመልስ፣ በየጊዜው ሰበብ የምታበዛ ልጅ ካለች ዝም አትበሉ። ወንድ ልጅንም ይይዛል። ጸበል ብትወስዷትም ደግ፤ ግን ሕክምናውን አታስቀሩባት። ሁለቱ አይጣሉም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሁሉ በየጊዜው ይመዘን፤ ክንዱም ይለካ።

2ኛ. እግሩ ሞላ የሚባል ልጅ በጣት ተጭኖ ይታይ። ከጎደጎደ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

3ኛ. ዶሮ ከጣለችው ዕንቁላል የልጁ ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ፤ የተረፈው ይሸጥ።

4ኛ. እርጉዝ በቀን 1 ጊዜ፣ አጥቢ 2 ጊዜ ጨምራ ትብላ።

5ኛ. ሳይፈልግ የከሳ ሰው አይታማ፤ ይመርመር።

6ኛ. ምግብ እንቢ ያለች ልጅ አትመታ፤ አትሰደብ፤ ትታከም።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ዛሬ ማንበብና ቁጥር ማወቅ ችላችኋል። በጤና ካርዱ ላይ የተጻፈውን የልጃችሁን ክብደት ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ያለፈውን ወር ከዚህ ወር ጋር አስተያዩት። ቁጥሩ ከጨመረ እሰየው። ባለበት ከቆመ ወይም ከቀነሰ ጠይቁ። እናቴ ያን ጊዜ ይህን ማንበብ ብትችል፣ የሚነግራትም ቢኖር ኖሮ፣ ወንድሜ ዛሬ ከእናንተ ጋር እዚህ ይቀመጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

 ልጆቻችሁ ይደጉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ያበጠን ልጅ ከወፍራም ልጅ እንዴት እንለየዋለን? እርስ በርሳችሁ አሳዩ።

2. በቤታችሁ ባለፈው ሳምንት ስንት ዕንቁላል ተሸጠ? ስንቱን ልጆች በሉ?

3. እርጉዝ ሴት ምግብ ብትቀንስ ምጧ የማይቀለው ለምንድን ነው?

4. የክንዱ ዙሪያ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ጥብጣቡ በየትኛው ቀለም ላይ ያርፋል? ምንስ ይደረግለታል?

5. የተናጋሪው የእኅት ልጅ በታመመች ጊዜ ጎረቤቶች ምን ምን አሉ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?